ስታዲየም ከልጅ ጋር፦ የቤተሰብ መቀመጫው እንዴት ነው?

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ልጅ ካላችሁ ስታዲየም ውሰዱ፣ ስትወስዱ ደግሞ የቤተሰብ መቀመጫ ከሚባለው ክፍል ትኬት ያዙ። እኔ የሰባት ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ነው የሄድኩት። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በሽንት ቤቱ ምክንያት ነው፣ እሱን እታች በደንብ አወራዋለሁ።

ስለ ስታዲየም የሚጻፉ አስተያየቶችን ሳነብ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሁሉም የሚጻፉት በአዋቂ ቁመት ነው። "ሜዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል" ይላሉ። ለማን? የሰባት ዓመት ልጅ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃያ አካባቢ ነው፣ ስትቀመጥ ደግሞ ዓይኗ የት ላይ እንደሚሆን አስቡት። ከፊቷ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው ከተቀመጠ የእሷ ጨዋታ እዚያው አለቀ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈውን በሙሉ በእሷ ቁመት ነው የለካሁት። ወንበሩን፣ በሩን፣ ጩኸቱን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ ሁሉንም።

ከትኬቱ ልጀምር። በስልክ ደውዬ ነው የያዝኩት። ልጅ የራሷ ትኬትና የራሷ ወንበር አላት፣ ዋጋውም ከአዋቂ ያነሰ ነው። ልጅ ያልያዘ አዋቂ ደግሞ እዚያ ክፍል ትኬት አይሸጥለትም። ይሄ ሕግ ትንሽ ቢመስልም የክፍሉን ጠባይ የሚወስነው እሱ ነው፤ ዙሪያችሁ ያለው ሰው በሙሉ ልጅ ይዟል፣ ልጅ መሐል ጨዋታ ላይ ውኃ እንደሚጠማው፣ ብድግ ቁጭ እንደሚል፣ የሰው ወንበር በእግሩ እንደሚመታ ያውቃል። ማንም ዞሮ አያፈጥባችሁም።

የወንበር መምረጫው ካርታ ግን ጎደሎ ነው። ወንበሮቹን ያሳያል፣ ከወንበሮቹ ፊት ያለውን የብረት አጥር አያሳይም። ይሄን የነገረችኝ ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ናት። "ልጅ ይዘው ከሆነ የመጀመሪያውን ረድፍ ይተዉት፣ ብረቱ ልክ ዓይኗ ላይ ነው የሚያርፈው" አለችኝ። ሜዳው አጠገብ ብትሆን ደስ አይላትም ወይ ስላት "ለእርስዎ ጥሩ ነው፣ ለእሷ ግን አይሆንም" አለች። ጎበዝ ሠራተኛ! ከፍ ያለ ረድፍ ላይ፣ ደረጃው ጥግ ያሉ ሁለት ወንበሮች ሰጠችን። የደረጃ ጥግ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ ከፊት ያለው ሰው ድንገት ብድግ ሲል ልጅቷ ወደ ደረጃው ዘንበል ብላ ታያለች። ማንንም ሳታስቸግር። ከፍ ማለቱ ደግሞ ተጫዋቾቹን ቢያርቅም ሜዳውን በሙሉ ይሰጣችኋል፤ ከታች ሆናችሁ የምታዩት እግርና ጀርባ ብቻ ነው።

በር ላይ ለቤተሰብ የተለየ ሰልፍ አለ። ፍተሻው የትም እንዳለው ፍተሻ ነው፣ ቦርሳ ይከፈታል፣ ኪስ ይዳሰሳል፣ ይታለፋል። እኔን ደስ ያለኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች አስተባባሪ በርከክ ብላ ከልጄ ዓይን ጋር እኩል ሆነች። የወረቀት አምባር ላይ የወንበራችንን ቁጥርና የእኔን ስልክ ጻፈችና እጇ ላይ አሰረችላት። ከዚያ "የኔ እናት፣ አባቢ ቢጠፋብሽ እንዳትሮጪ፣ እንደኔ ቢጫ የለበሰ ሰው ፈልጊና ይሄን እጅሽን አሳዪው፣ እሺ?" አለቻት። ልጄ አልፈራችም። እንዲያውም የኔ ጠባቂ ተደርጋ እንደተሾመች ነው የቆጠረችው፣ እስክንወጣ ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ለልጅ አገልግሎት መስጠት ማለት ይሄ ነው። ብዙ ወጪም የለውም፣ አንድ ቁራጭ ወረቀትና በርከክ የሚል ሰው።

አንድ ምክር ልስጥ፣ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። ሰልፉን ለመሸሽ ብቻ ብዬ አይደለም። ማሟሟቁ ለልጅ ከጨዋታው እኩል ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ኳሱ ብዙ ነው፣ ተጫዋቾቹ ይሳሳቃሉ፣ ጩኸቱ ገና ነው። የባለሜዳው በረኞች በእኛ በኩል ባለው ጎል ነበር የሚለማመዱት። ልጄ ጎል የምታውቀው በቴሌቪዥን ነው፣ እዚያ ላይ ጎል ትንሽ ሳጥን ናት። ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው ብትሏት ምንም አይገባትም። በረኛው መሐል ቆሞ ሁለት እጁን ሲዘረጋ ግን ግራና ቀኙ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደቀረ በዓይኗ አየች። "አባቢ፣ ይሄን ሁሉ ብቻውን ነው የሚጠብቀው?" አለችኝ። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የበረኛው ደጋፊ ሆነች።

ልጅን ስታዲየም የመውሰድ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ኳሷን ይከተላል፣ ልጅ ግን ልቧ የወደደውን ትከተላለች። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ ላይ 22 ተጫዋች አለ። ኳሷ አንዱ እግር ሥር ነች፣ የቀሩት 21 ምን እየሠሩ እንደሆነ ቴሌቪዥን አያሳያችሁም። ልጄ በረኛው ሲጮህ ሰማች። ለካ በረኛ አፉ አያርፍም! "ውጡ፣ ግራ፣ ከኋላህ ሰው አለ" ሲል ነው የሚውለው። ለምን እንደሚቆጣቸው ጠየቀችኝ። ቁጣ እንዳልሆነ፣ ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ የሚያየው እሱ ስለሆነ ለጓደኞቹ ዓይን እየሆናቸው እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው ይጩህ" አለች።

የባለሜዳው ጎል የገባው በሩቁ በኩል ነው። ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለ፣ እኔም አብሬ ዘለልኩ። ልጄ ግን ያኔም የምታየው በረኛዋን ነው። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም የሚታየው እሱ ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ ማዶ ተቃቅፈው ክምር ሆነዋል፣ እሱ ከሁሉም ርቆ ብቻውን ክልሉ ውስጥ እየዘለለ ነው፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረና ሁለት ጡጫውን ወደ ላይ አነሳ። ልጄም አነሳች። ኳስ ማየት ከጀመርኩ ዕድሜዬን ነው፣ ጎል ሲገባ በወዲያኛው ጫፍ ያለው በረኛ ምን እንደሚያደርግ ግን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኦፍሳይድም፣ አጥቂ ኳስ ሲለቀቅለት ከተከላካዮቹ አልፎ መገኘቱ ማለት ነው፣ እዚያው ገባት። ቤት ሆኜ በማንኪያና በሹካ ላስረዳት ብሞክር የማይሆን ነገር ነው። የተቀመጥነው ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ትይዩ ስለነበር "ኳሷን ተዪያትና ባንዲራ የያዘውን ሰውዬ እዪው" አልኳት። ረዳት ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው በጎን ነው፣ ፊቱን ወደ ሜዳው እንዳደረገ። በረኛውን ጨምሮ ሲቆጠር ከጎል መስመሩ ሁለተኛ ሆኖ ከሚገኘው ተከላካይ ጋር እኩል መሆን አለበት። ተከላካዮቹ ሲወጡ አብሮ ይወጣል፣ ሲመለሱ አብሮ ይመለሳል። ጥቂት ስታየው ነገሩ ገባት፣ መስመሩ ሳር ላይ አልተሰመረም፣ ሰውዬው ራሱ ነው መስመሩ። በኋላ ኳሷ ስትለቀቅ አንድ አጥቂ ከእሱ አልፎ ነበር፣ ባንዲራው ገና ሳይነሳ ልጄ "አለፈ!" ብላ ጮኸች። ከፊታችን ያሉት ሰውዬ ዞረው በአድናቆት አዩዋት።

የበረኛው ሰከንድ ቆጠራም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል፣ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን ከፍ አድርጎ በጣቶቹ ይቆጥራል። የቤተሰብ ክፍሉ ልጆች ይሄን ሲያዩ አበዱ። የተጋጣሚ በረኛ ኳስ በያዘ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ "አምስት! አራት! ሦስት!" ይላል። መቁጠር የሚችል ልጅ ሁሉ የጨዋታው ተካፋይ ሆነ ማለት ነው። ሕጉ የወጣው ሰዓት ማባከንን ለማስቀረት ነው፣ ለልጆች ግን ስጦታ ሆኖላቸዋል።

ቢጫ ካርድ ሲወጣም ለምን ቢጫና ቀይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይሄን ለልጅ መመለስ ደስ ይላል፤ ኬን አስተን የሚባል እንግሊዛዊ ዳኛ ሐሳቡን ያገኘው ከትራፊክ መብራት ነው፣ በዓለም ዋንጫ ላይ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ትራፊክ መብራት የማያውቅ ልጅ የለም።

አሁን ስለ ጩኸቱ። እዚህ ላይ ጠበቅ እላለሁ፣ ብዙ ወላጅ ችላ ሲለው ስለማይ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ ለሠራተኛ በቀን ለ8 ሰዓት ከዚህ አይለፍ ብሎ የሚመክረው 85 ዴሲቤል ነው፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል። ይሄ ለአዋቂ የወጣ ልኬት ነው። ጨዋታ ደግሞ 90 ደቂቃ ነው፣ ጥሩንባና ከበሮ አጠገብ ከተቀመጣችሁ 100 ማለፍ ብርቅ አይደለም። ለልጅ ጆሮን በሙሉ የሚሸፍነውን፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚመስለውን መከላከያ ግዙ። ጆሮ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ስፖንጅ ለትንሽ ጆሮ አይሆንም፣ ልጅ በትክክል አትሰካውም፣ ይወድቅባታል፣ ከዚያም ወንበር ሥር ፍለጋ ነው። የእኔ ልጅ መከላከያውን አድርጋ እኔ ጠጋ ብዬ የምላትን ሁሉ ትሰማ ነበር። ድምፁን ያለዝበዋል እንጂ አይደፍነውም። ቤት እያለች አድርጋው እንድትለምደው አድርጉ፣ ስታዲየም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካያችው አውልቃ ነው የምትጥለው። መከላከያውን የሚያውሱ ስታዲየሞች አሉ፣ ይሄኛው የለውም። ቢኖረው እንዴት ባማረ።

አፍን በተመለከተ፣ ስድብ ማለቴ ነው፣ ብዙ ወላጅ የሚፈራው እሱን ነው። ከእኛ ጥቂት ረድፍ ወደ ኋላ አንድ አባት ዳኛው ላይ ለልጅ ጆሮ የማይሆን ነገር ወረወረ። አንድ አስተባባሪ ደረጃውን ወጣና አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ወንድሜ፣ እዚህ ልጆች ነው ያሉት፣ በናትህ" አለው፣ በቀስታ። ሰውዬው "ይቅርታ፣ ልክ ነህ" ብሎ ተቀመጠ። ግርግር የለ፣ ማስፈራራት የለ። ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

እና ሽንት ቤቱ። ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ ልጅ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው። እናት ወንድ ልጇን ይዛ የሴቶቹ ውስጥ ትገባለች፣ ማንም ምንም አይላትም። አባት ሴት ልጁን ይዞስ? የወንዶቹ ውስጥ ላስገባት አልፈልግም፣ የሴቶቹ ውስጥ መግባት አልችልም፣ ብቻዋን ልላካት ደግሞ እዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል የማይታሰብ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የቤተሰብ መጸዳጃ አለ፣ ለክፍሉ በሙሉ አንድ፣ እሱም ተቆልፏል። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው። ሰውዬው የት ነው? "አሁን ይመጣል።" ከኋላዬ ሁለት ሌሎች አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ቆመዋል፣ አንዷ እግሯን አጣምራ እያለቀሰች ነው። ቁልፉ መጣ፣ ገባን፣ የእጅ መታጠቢያው የአዋቂ ደረት ላይ የሚደርስ ነው። ልጄን አንድ እጄ ወገቧን ይዞ አንስቼ በሌላው ቧንቧ ከፈትኩላት፣ ውኃው እጅጌዋ ውስጥ ገባ። "ቤተሰብ" ተብሎ በር ላይ የተጻፈበት ክፍል ነው እንግዲህ! አንድ የእንጨት መርገጫ አጥቶ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ገና ደረጃው ላይ ነበርን። አንድ ኮከብ የሄደው እዚህ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ተኩል ይገባው ነበር፣ ግን መግቢያ በር ላይ የነበረችው አስተባባሪ ግማሹን መለሰችላቸው። መፍትሔው በእናንተ በኩል ቀላል ነው፣ በ35ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። በእነሱ በኩል ደግሞ ቁልፉ በሩ ላይ ይሁን።

ልጅ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ይደክማታል፣ ይሄ ያለ ነው። ባከነ ሰዓት ተብሎ የሚጨመረውም እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ወዲህ ረዘም ብሏል፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ሲጨመር ማንም አይደነግጥም። የሚያነቃት አንድ የሚበላ ነገርና "አሁን ተቀያሪው ሊገባ ነው፣ ቁጥሩን ፈልጊ" የመሰለ ሥራ ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ተጋጣሚው ያገባው በእኛ በኩል ነበርና ልጄ በረኛዋን አዝና አየችው፣ ግን "ሰው ከፊቱ ቆሞበት ነው" ብላ ተከራከረችለት። ልክም ነበረች።

አወጣጡን በጣም አደንቃለሁ። ፊሽካው እንደተነፋ በድምፅ ማጉያ የቤተሰብ ክፍሉ ቁጭ ብሎ እንዲቆይ ተነገረ፣ ሌላው እስኪወጣ። አንዳንዱ ያጉረመርማል። አታጉረምርሙ። እ.ኤ.አ. በ1971 ግላስጎው ውስጥ አይብሮክስ ስታዲየም 66 ሰው የሞተው ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ በደረጃ ሲወርድ ነው። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሼፊልድ ከተማ ባለው ሂልስቦሮ ስታዲየም 97 ሰው ያለቀው ደግሞ ቆሞ በሚታይበት፣ በአጥር በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተፈጠረ መጨናነቅ ነው፣ የሁሉም ታናሽ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው፣ አደጋውን የመረመረው የቴይለር ሪፖርት ነው የእንግሊዝ ትልልቅ ስታዲየሞችን ሁሉ ባለወንበር ያደረጋቸው። ያቺ ቁጥር የተጻፈባት ወንበር እንዲሁ የመጣች አይደለችም። ልጅ ይዛችሁ ደረጃ ላይ ከሕዝብ ጋር አትጋፉ፣ በቃ። ጠብቃችሁ ውጡ፣ ስትወርዱ ልጅቷን በግድግዳው በኩል አድርጓት።

ደግሞስ መቆየቱ ምን ይጎዳል? ሜዳ ሠራተኞቹ መንሽ ይዘው ገቡና የተቦጨቀውን ሳር እየመለሱ በእግራቸው ይጠቀጥቁ ጀመር። ልጄ አጥሩ ጋ ወርዳ ስንት ቀዳዳ እንደደፈኑ ስትቆጥር ቆየች፣ አንደኛው ሠራተኛ እጁን አውለበለበላት። መውጫችን ሲደርስ ደረጃው ባዶ ነበር።

ማን ይሂድ ካላችሁ፣ ስድስት ዓመት ከሞላው ልጅ ጋር ያለ ሐሳብ ሂዱ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አንድ አጋማሽ ብቻ አይታችሁ ለመውጣት ተዘጋጅታችሁ ሂዱ፣ ምንም ነውር የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስታዲየሙ ጢም ብሎ የሚሞላበትን ትልቅ ፍልሚያ ተዉት፣ ግማሹ ባዶ የሚሆንበትን የቀን ጨዋታ ምረጡ፣ በረኛው ሲጮህ የሚሰማውም ያኔ ነው። ትኬት ስትይዙ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከፊታችን አጥር አለ ወይ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው፣ በጨዋታው ሰዓት ፀሐይ ፊታችን ላይ ነች ወይስ ከኋላችን። ፀሐይ ፊቷ ላይ ከሆነች ባለ ጥላ ኮፍያ ያዙላት፣ የጆሮ መከላከያው ከላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ሞክረነዋል።